ድምፁ የኔ ነው

ይታየሽ የራሷን ድምፅ ከሹፌሩ ስልክ የሰማችው የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከአምደወርቅ ወጥቶ የሰቆጣን መንገድ እንደያዘ ነው።

«ስንዴው መጣ ብለው ስልቻ አስይዘውን፣
ወሬ ሰፍረው ሰጡን እህሉን ነስተውን።»

ግጥሙን ያወጣችው ከሰቆጣ አጠገብ ባለው ዝቋላ ወረዳ፣ በእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ነበር። በድርቁ ለእርዳታ እህል ሦስት ጊዜ ወጥተው ሦስቴም ባዷቸውን የተመለሱት ሴቶች ከበው ሲያጨበጭቡላት አፏ አልቆም አላት። በስልክ የቀዳት መኖሩን አላወቀችም። ሰቆጣ ጤና ጣቢያ እያጸዳች የምታሳድጋቸው ሁለት ልጆች አሏት።

በቀኟ ቦርሳ አቅፎ የተቀመጠው ሰውዬ የእህሉ ክፍፍል ኃላፊ ነው። እሷ ታውቀዋለች፤ እሱ አያውቃትም።

«ማን ናት ይቺ?» አለው ሹፌሩን።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ፣ ሰው ልኮልኝ ነው።» ሹፌሩ ደጅይጥኑ ዘፈኑን ፈጥኖ አጠፋው።

«ግድ የለም፣ ኬላው ላይ ታውቃታለህ።»

ይታየሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። በግራዋ ያሉት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ በረደሽ?» ሲሏት፣ ብናገር ድምፄ ያጋልጠኛል ብላ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ኬላው ላይ ኃላፊው ከጠባቂዎቹ ጋር ተንሾካሾከ። ደጅይጥኑን አውርደው ስልኩን ነጠቁት። አንደኛው በጥፊ አጮለው።

«ዘፋኟን ተናገር!»

«አላውቃትም አልኩ እኮ!»

እውነቱን ነው። ይታየሽ መጀመሪያ የልጆቿ ፊት ድቅን አለባትና ከወንበሩ ጋር ተጣበቀች። ሁለተኛው ጥፊ ሲያርፍ ግን ወረደች።

«ልቀቁት። ድምፁ የኔ ነው።»

ኃላፊው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «አንቺ? እስቲ በይው።»

የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣችው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ይሄኔ አሮጊቷ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ጨረሱላት። ሌላ ተሳፋሪ ግን ቀና ያለ የለም።

ደጅይጥኑን ለቀቁት። ይታየሽ አራት ቀን ታሰረች፤ በአምስተኛው ቀን እኒያው አሮጊት ዋስ ሆነው አስፈቷት። ሥራዋን አጣች። በወሩ ዝቋላ እህል ሲታደል የተቀባዮች ስም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ሴቶቹ ምሥራቹን ሊነግሯት ሰቆጣ ድረስ መጥተው በሯን ሲያንኳኩ፣ ይታየሽ ደግመው ሊያስሯት የመጡ መስሏት ልጆቿን ወደ ጓዳ ገፍትራ ትንፋሿን ውጣ ቆመች።