ነሐሱን ወርቅ ያሉበት ቀን

ኑርሀያት ወደ ቀበሌው ግቢ የገባችው ውስጧ እየነደደ ነበር። ባሏ ሙዘይን ደሴ እስር ቤት ውስጥ ከሞተ ዓመቱ ገና አልሞላም፤ ዛሬ ደግሞ ዕቃው «የአድኃሪ ንብረት» ተብሎ በሐራጅ ሊሸጥ ነው። የስፌት መኪናው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሱቁ በር ላይ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ሳይቀር ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። የሐይቅ ከተማ ሰው ግቢውን ሞልቶታል፤ ዓይኗን ደፍሮ የሚያያት ግን የለም።

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሳንቲሙን ነበር። የሙዘይን አያት አምባሰል ውስጥ የቤት መሠረት ሲቆፍሩ ያገኙት የጥንት ወርቅ ነው፤ ዘውድ የደፋ ንጉሥና ንጉሡን ግራና ቀኝ ያቀፉ ሁለት የስንዴ ዛላዎች አሉበት። ሙዘይን ሲያገባት አንገቷ ላይ አሰረላት፤ ከዚያ ወዲህ አውልቃው አታውቅም። የፈታባት የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታሁን ነው። ዕቃው በተወረሰ ዕለት አንጥረኛውን ጋሼ ወልዴን ይዞ ቤቷ መጣ። ወልዴም ሳንቲሙን ወርቅ በሚፈትኑበት ጥቁር ድንጋያቸው ላይ ፋቅ አድርገው፣ «ጥሩ ወርቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ዛሬ አይገኝም» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች።

ሳንቲሙን ሊገዙ የመጡት የሙዘይን አጎት አያ አብደላ ነበሩ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚያርሱባቸውን በሬዎች ሸጠው ነው የመጡት። «ለባዕድ አይሄድም፤ ገዝቼ አንገትሽ ላይ እመልሰዋለሁ» ብለዋታል።

ፈንታሁን ሳንቲሙን ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀመጠና፣ «ገዢ እንዳይጠራጠር ባለሙያው ያረጋግጥልናል» ብሎ ወልዴን ጠራ። ኑርሀያት ጠጋ ብላ አየች። ንጉሡም ስንዴውም አለ። የእሷ ሳንቲም ቀዳዳ ግን ክሩ ስንት ዘመን ሲመላለስበት ጠርዙ ልስልስ ብሎ ነበር፤ ይኼኛው ትናንት የተበሳ ይመስል ሻካራ ነው። ቀና ብላ ፈንታሁንን አየችው። እሱ አላያትም።

ወልዴ ሳንቲሙን አንስተው አገላበጡት። ድንጋያቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«ያው ነው» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እውነተኛ ነው።»

አያ አብደላ ዋጋ ጠሩ። የጨመረ የለም። ገንዘቡን ከመቀነታቸው መፍታት ሲጀምሩ ኑርሀያት ከሰው መሃል ወጣች።

«አያ አብደላ፣ ይተዉት።»

«ምነው ልጄ?»

«ይኼ የእኔ አይደለም። ጋሼ ወልዴ፣ ድንጋይዎ የት ሄደ? ያን ለት ቤቴ ሲመጡ ይዘውት ነበር።»

ፈንታሁን ሳቅ አለ። «ባለሙያው ካረጋገጠ በኋላ አንቺ ምን አግብቶሽ?»

«አንገቴ ላይ የኖረውን እኔ ካላወቅሁት ማን ይወቀው? ድንጋዩ ይውጣ።»

«ይውጣ፤ በበሬዎቼ ነው የምገዛው» አሉ አያ አብደላ። ከኋላም «ይውጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወልዴ ድንጋዩን አወጡ፤ ሳንቲሙን ደጋግመው ፋቁት። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ጭረት ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ።

«ነሐስ ነው» አሉ። «ወርቅ የተቀባ ነሐስ።»

ኑርሀያት ቀሪውን ጠበቀች። ሳንቲሙ ከቤቷ ሲወጣ ወርቅ እንደነበር የመሰከሩት እሳቸው ናቸውና ያችን አንዲት ቃል ጠበቀች። ወልዴ ግን ድንጋዩን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ፈንታሁን ለዚህም መልስ አዘጋጅቶ ኖሯል። «እንግዲያው እውነተኛውን ደብቀሽ ለአብዮቱ ነሐስ ያስረከብሽ አንቺ ነሽ» አላት።

«ከአንገቴ የፈታኸው አንተ። ኪስህ የከተትከው አንተ። ይኸው ሰውየው ቆመዋል፤ ጠይቃቸው።»

ማንም አልጠየቀም። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ክንዷን ያዙ። በወልዴ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ግማሹን ከሚናገሩ ጭራሽ ዝም ቢሉ ይሻለኝ ነበር» አለቻቸው።

ክረምቱን በቀበሌው እህል መጋዘን ታስራ ከረመች። ልጆቿን አያ አብደላ ወሰዱላት። እዚያ ስትተኛም ስትነሳም የሚያንገበግባት ፈንታሁን አልነበረም፤ ከእሱ መልካም ነገር ጠብቃ አታውቅም። ወልዴ ግን የሰርጓን ቀለበት የሠሩ፣ ከሙዘይን ጋር ስንት ዘመን አንድ ገበታ የቀረቡ ሰው ነበሩ።

መስቀል ሰሞን ፈቷት። በማግስቱ ወልዴ መጥተው ደጃፏ ላይ ቆሙ።

«ልጄን ጦር ሜዳ እንዳይልክብኝ ፈርቼ ነው ኑርሀያት። ያንቺው ወርቅ ነበር። ነሐሱን የት እንዳሠራው አላውቅም፤ እኔ አልሠራሁትም።»

«ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? እኔማ አውቀዋለሁ። ያን ለት እዚያ ቆሞ ለሰማው ሰው ይንገሩ።»

«ያስሩኛል።»

«እኔን ሲያስሩኝ ቆመው አይተዋል» አለችና በሩን ዘጋችባቸው።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ወልዴ ጨው ተራ መሃል ቆመው ተናገሩ። ሳንቲሙ ከኑርሀያት አንገት ሲፈታ ወርቅ ነበር፣ የተረከበው ፈንታሁን ነው ብለው ጨረሱ። ከዚያው ወስደው አሰሯቸው፤ ልጃቸውንም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሰሜን ጫኑት። ፈንታሁን ወሬው አውራጃ ሲደርስ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ እንጂ የጠየቀው የለም። ሳንቲሙንም ያየው የለም።

ተሾመች የምትባለው የወልዴ ሚስት ለባሏ ስንቅ ስታደርስ፣ ኑርሀያት ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ጠብሳ ትጨምርላት ነበር። አንድ ቀን ተሾመች፣ «ዓይንሽን ቢያይ ደስ ይለዋል፤ አብረን እንሂድ» አለቻት።

ኑርሀያት ሳህኑን በጨርቅ ጠቅልላ አስያዘቻት።

«ዓሣው ሳይበርድ አድርሺላቸው» አለች። እሷ አንድም ቀን አልሄደችም።