ቀዩ ፎጣ ካለ

መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ረዘም ያለ «ክርርርር»፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ «ቋ!»። ከጸጥታው ርዝመት ማን እንደሆነ አልጋዬ ላይ ሆኜ አውቃለሁ። አጭር ከሆነ ጀማሪ ነው። ዘለግ ብሎ «ቋ»ው ጥርት ካለ ማርሽ ናት። «ቋ» ካለ በኋላ «ወይኔ እናቴ!» ከተከተለ ደግሞ ፀጉር አስተካካያችን ነው፤ ጎልምሶ ስለጀመረው አጥንቱ ገና አላመነበትም።

እኔ ስኬትቦርድ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው፤ መስኮታችን ቁልቁል ገንዳውን ያያል። ገንዳው የምንለው የሰፈሩን የስኬትቦርድ መጫወቻ ነው፤ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ውሃ የሌለው ዋና ገንዳ የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ። ልጆች ይንሸራተቱበታል፣ እናቶች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሐሜታቸውን ያደርሳሉ፣ ጡረተኞች ቀጥሎ ማን እንደሚወድቅ በሻይ ይወራረዳሉ። የጋሪው ጎማ አልዞር ያለው ተሸካሚም የሚሄደው ማርሽ ጋ ነው፤ ከአሮጌ ቦርድ ኩሽኔታ ፈልቅቃ ትገጥምለታለች። ቅጽል ስሟም የወጣላት ከዚያ ነው።

አክስቴ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የምትተኛው ጠዋት ገብታ ነው። አምና አንድ ቀን በነጠላ ጫማዋ ወርዳ ገንዳው መሐል ቆመች።

«ስሙኝ» አለች፣ «እኔ ሌሊቱን ሙሉ ወለል ስወለውል አድሬ ነው የምገባው። እናንተ ደግሞ ጭንቅላቴ ላይ ወፍጮ ትተክላላችሁ።»

ሁሉም አቀረቀረ። ማርሽ ብቻ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ መቼ እንደሚተኙ በምን እንወቅ?» አለቻት።

አክስቴ አሰብ አደረገች። «መስኮቱ ላይ ቀይ ፎጣ እሰቅላለሁ። ፎጣው ካለ ተኝቻለሁ። ከሌለ እንደ ልባችሁ ተፈጥፈጡ።»

ሕጉ ይኸው ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አፍርሶት አያውቅም። ፎጣው ካለ ቦርድ መሬት አይነካም። አዲስ ልጅ ሲመጣ አወዳደቅ ከማስተማራቸው በፊት መስኮታችንን ያሳዩታል።

ባለፈው ሐሙስ ግን ይኸው ፎጣ ጉድ ሊሠራን ነበር። የሰፈሩ ነጋዴዎች ገንዳው ተደፍኖ መኪና ማቆሚያ ይሁንልን ብለው አመልክተው ስለነበር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ያያል ተባለ። ሲጠቀሙበት ካየ ይቆያል፣ ካላየ ይደፈናል። ሁላችንም ከፍቶናል፣ ማርሽን ግን እንቅልፍ ነሣት። በየማታው ከልብስ እጥበት ቤት ወጥታ ሴት ልጆችን የምታስተምረው እዚህ ነው። ገንዳው ከሌለ የሚቀራቸው ዋናው አስፋልት ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዷ ተማሪዋ መኪና ገጭቷት እስካሁን ታነክሳለች። ለሐሙስ ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች።

አክስቴ በወትሮው ሰባት ሰዓት ላይ ትነሣለች። እኔ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ካለው ቁልፍ ቤት ነው የምሠራው። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ሆነ፣ «ክርርር» የሚል የለም። ቁልፍ እየቀረጽኩ ጆሮዬ ባዶ ሆነብኝ፤ የቁልፉን ጥርስ አበላሸሁና ደንበኛው ሳያይ ሌላ ጀመርኩ። እሱን አስረክቤ አላስቻለኝም፣ ሄድኩ።

ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነው። በገንዳው ጠርዝ ዙሪያ ተደርድረው፣ ቦርዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የፈተና ወረቀት እንደሚጠብቅ ተማሪ ጭጭ ብለዋል። ዓይናቸው የእኛ መስኮት ላይ ነው። ቀዩ ፎጣ ተሰቅሏል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ለመኪና ማቆሚያው ልክ ሊወስድ ገመድ እየዘረጋ ችካል በመዶሻ ይመታል።

«እሽሽሽ!» አሉት ሁሉም ባንድ አፍ።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ተኝቷል» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«የት ነው የተኛው?» ሰውዬው ዙሪያውን ቃኘ።

ማርሽ ፀጉር አስተካካዩን በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ወደ እኔ መጣች። «ሰው ተኝቷል ካልነው ‹ድምፃችሁ ይረብሻል› ብሎ ይዘጋዋል» አለች በሹክሹክታ። «ዝም ካልን ‹አይሠራበትም› ብሎ ይዘጋዋል። አክስትህን ዛሬ ምን ነካቸው?»

«አንኳኩታችሁ አትቀሰቅሷትም?»

«ካንኳኳንማ ፎጣው ምን ሊሠራ ተሰቀለ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከቃሏ ግን ወይ ፍንክች።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ። የአክስቴ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፣ የሥራ ሽርጧ ከሚስማሩ ላይ የለም። ፎጣውን ጎትቼ አወረድኩት።

«ተነሡ?» አለች ማርሽ ከታች።

«የለችም!» አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ቤት ውስጥ ማንም የለም!»

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ለትራስ ነው እንዴ ትንፋሻችንን የዋጥነው!» ሲል ሳቁ ፈነዳ። ማርሽ አልሳቀችም። ቦርዷን ጣል አድርጋ ገባች። ክርርርር። ጸጥታ። ቋ! ተማሪዎቿ ተከታትለው ከኋላዋ ወረዱ፤ ገንዳው እንደ ድስት ፈላ።

ስወርድ ሰውዬው መዶሻውን እንደያዘ ጠበቀኝ። «ያ ፎጣ ምንድን ነው?» አለኝ። መዋሸት አይሆንልኝም፣ ነገርኩት።

«ታዲያ ለባዶ አልጋ ነው እንዲህ ተጎልታችሁ የቆያችሁት?»

«ባዶ መሆኑን በምን እንወቅ፣ ጋሼ?» አለችው ማርሽ፣ ጠርዙ ላይ ወጥታ እያለከለከች።

አክስቴ የመጣችው በዚህ መሐል ነው፣ ቦርሳዋን አቅፋ። ፎጣውን እጄ ላይ ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ገና ጎኔን ሳላሳርፍ የቀን ተረኛዋ ታማለች ብለው ደወሉልኝ፣ ስሮጥ ረሳሁት። ልጆቼን አስሬያቸው ዋልኩ?»

«እናት፣ እርስዎ ነዎት የሚተኙት?» አላት ሰውዬው። «ድምፁ አይረብሽዎትም?»

ማርሽ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይረብሸኛል እንጂ! ጆሮዬ የብረት ነው እንዴ?» አለች አክስቴ። «ግን ለእነዚህ ፎጣ ሰቅዬ እተኛለሁ። መኪና ፎጣ ያውቃል? ባለ ጡሩምባውን ሁሉ በየትኛው መስኮት ልመልሰው?»

ሰውዬው ወደ ችካሎቹ ሄዶ አንዱን ነቀለ፤ ቀጥሎ ሌላውን። የመጨረሻውን ቢነቀንቀው ቢነቀንቀው እምቢ አለው፣ ተወው። ገመዱን ክርኑ ላይ ጠቀለለ።

«ጋሼ፣ ምን ልንባል ነው?» አለችው ማርሽ።

«ሲጠቀሙበት አየሁ ብዬ እጽፋለሁ» ብሎ ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገባ፤ ወደ መስኮታችን ቀና አለና በሩን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘግቶ ሄደ።