ጎማ የለበሰው ካሜራ

ሻጩ ካሜራዎቹን በመስታወቱ ላይ ደረደረና ስለ እያንዳንዳቸው ማስረዳት ጀመረ። «ይሄኛው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይገባል። ይሄኛው ከፎቅ ቢወድቅ ምንም አይሆንም። ይሄ ደግሞ መኪና ቢሄድበት እንኳ...»

«ወንድሜ፣ እኛ የምንሄደው ለዕረፍት ነው። ጦርነት ነው ያለህ ማን ነው?» አልኩት።

እትዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ እኔ አፌን ስከፍት ቀድማ የምትደነግጠው እሷ ናት። እማዬ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆና ሳቀች። «ክብሪት፣ ልጁን ተይው፤ ይሥራበት» አለች። ክብሪት ያለችው እኔን ነው። ቶሎ እቀጣጠላለሁ ብላ ገና በልጅነቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ አሁን ደንበኞቻችንም ሳይቀሩ የሚጠሩኝ በሱ ነው።

ያን ሰሞን ደግሞ ብቀጣጠልም አይፈረድብኝም። የእማዬ ዓይን እየጠበበ ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ጠቅልሎ ዓይናችን ላይ ደገነልንና፣ «እናታችሁ የሚያዩት እንዲህ ነው፤ ከዳር ዳር እየተከደነ ይመጣል» አለን። በዚያ በተጠቀለለ ወረቀት እትዬን ባያት አፍንጫዋ ብቻ ታየኝ። ዓይኗን ለማየት ወረቀቱን ማዞር ነበረብኝ። መቼ ጨርሶ እንደሚዘጋ ስንጠይቀው፣ «ልታሳዩአቸው የምትፈልጉት ነገር ካለ አትዘግዩ» ብቻ አለ። እንደዚያ ሲለን ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ባሕር።

እማዬ ዕድሜዋን የጨረሰችው ውሃ ውስጥ ነው። ማሽን ከመግዛታችን በፊት የሰው ልብስ በእጇ ነበር የምታጥበው፤ ጣቶቿ እስከ ዛሬ እንደተሸበሸቡ ናቸው። ያን ሁሉ ውሃ ደፍታ፣ ውሃ ተሰብስቦ የሚኖርበትን ቦታ ግን አንድ ቀን አላየችም። ላውንደሪያችን ተዘግቶ አያውቅማ! አሁን ልንዘጋ ነው። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ እንሳፈራለን፣ ባሕር እናሳያታለን፣ ፎቶ እናነሳለን።

«ፎቶው ለማን ነው ግን?» ብላኝ ነበር እትዬ ወደ ሱቁ ስንመጣ፣ እማዬ እንዳትሰማ ድምጿን ቀንሳ። «ዓይኗ ከተዘጋ በኋላ ፎቶ ምን ያደርግላታል?»

መልስ ሲጠፋኝ ደግሞ እጮሃለሁ። «ዝም ብለሽ ተከተይኝ!» አልኳት።

ሻጩ ቀጭኑን፣ የሚያብረቀርቀውን ካሜራ ለእማዬ አቀበላት። «እናቴ፣ እስቲ ይያዙት፤ ይቀልዎታል።» እማዬ ዳሰሰችውና፣ «ሙልጭልጭ ይላል፤ የረጠበ ሳሙና ነው የሚመስለው» ብላ መለሰችለት። ሌላውን ሰጣት፤ «የዚህ ቁልፎች ለጉንዳን ጣት ነው የተሠሩት?» አለችው። በመጨረሻ አንድ ወፍራም፣ ዙሪያውን ጥቁር ጎማ የለበሰ ካሜራ ስትይዝ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ጎማው ከጣቶቿ መሸብሸብ ጋር ተስማማ መሰለኝ፣ አልለቅ አለችው።

«እሱ ውሃ የሚባል ነገር አያስገባም፤ ሙቅ ውሃ ብቻ አይንካው፣ ጎማውን ያሳብጠዋል» አለ ሻጩ።

«ልጄ» አለችው እማዬ፣ «ቀለም አይለቅም ያሉኝን ልብስ ሁሉ አጥቤዋለሁ። ያልለቀቀ አላየሁም።»

የኛ ቤት ሕግ ይሄ ነው። ልብሱ ላይ የተጻፈውን አናምንም። አዲስ ልብስ ሲመጣልን ጫፉን አርጥበን በነጭ ጨርቅ ሳንፈትግ ማሽን ውስጥ አናስገባም። ስለዚህ ላውንደሪው እንደገባን ሁለታችንም እንፈትሸው ማለታችን አይገርምም። እኔ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ የለም።

«የታለ?»

«ሳፋ ምን ይፈትሻል?» አለች እትዬ በኩራት። «ማሽን ውስጥ ከትቼዋለሁ። እንዳይጋጭ በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ።»

«በምን አስነሳሽው?»

እትዬ ወደ ማሽኑ ዞር አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፎጣ ሲገባ እጇ ሳታዘው የሚነካው ቁልፍ አለ፤ የፎጣው። የሚፈላው ውሃ።

ኡኡ አልኩ። በሩን ብስበው፣ ብደበድበው፣ እሱ እቴ! ውሃ ከሞላ በኋላ ሥራውን ሳይጨርስ አይከፈትም። ካሜራው ከፎጣው ወጥቶ በክቡ መስታወት በኩል እየመጣ ኳ! እያለ ይመለሳል። እኔ እጮሃለሁ፣ እትዬ ታለቅሳለች፣ እማዬ አንሶላ እያጠፈች፣ «ሁለታችሁም ብትታጠቡ ይሻላል» ትላለች።

ሲከፈት ትኩስ ሆኖ ወጣ። መብራቱ ግን በርቷል። ለካ እትዬ ስትጠቀልለው የቪዲዮውን ቁልፍ ነክታው ኖሯል፤ ሁሉንም ቀርጾታል። አጫወትነውና ሁለታችንም ጭንቅላታችንን አጋጥመን አየነው። ዕድሜያችንን ከማሽኑ ውጭ ቆመን ነው የኖርነው፤ ውስጡን አይተነው አናውቅም። ውሃው ሲሞላ ብርሃኑ ወርቅ ይሆናል፤ አረፋው ከታች ወደ ላይ ይዘንባል፤ ያ የምናማርረው፣ የምንራገመው ፎጣ እየተዘረጋና እየታጠፈ ያልፋል። መሃል ላይ ክቡ መስታወት ይመጣል፤ ከመስታወቱ ማዶ አንዲት ሴት አፏን ከፍታ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ ድምፅ ሳይኖራት ትጮሃለች። እኔ ነኝ። ስቆጣ እንደዚያ እንደምሆን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ማርያምን ያምራል!» አለች እትዬ።

«እኔ?»

«ኧረ ውሃው!»

ደስታችን ግን አልቆየም። ፎቶ ላነሳ ትልቁን ቁልፍ ብጫነው ሰምጦ ቀረ። ጎማው አብጦ ውጦታል፤ የቪዲዮውም ቁልፍ እንደዚያው። በጥፍሬ፣ በመርፌ፣ በልመናም ሞከርኩት፤ ወይ ፍንክች! ስክሪኑ ይሠራል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ ማንሳት ግን አይችልም። ሻጩ ሙቅ ውሃ አይንካው ብሎናል፤ ምን ብለን እንመልስለታለን? እትዬ ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም አንድ ቃል አልተነፈስኩላት። እማዬ ናት ካሜራውን አድርቃ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው። «ይምጣ፤ መያዣው ተስማምቶኛል» አለች።

በማግስቱ ከአውቶቡስ ወርደን አንዱን ጉብታ ስንወጣ ባሕሩ ተዘረጋ። ስለ ባሕር ብዙ ሰምቼ ነበር፤ ከሰማሁት አንዱም አይደርስበትም። ማብቂያ የለውም። ሰማዩ ራሱ ማረፊያ ያጣ ይመስል እሱ ላይ ወርዷል። ያ ሁሉ ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞርኩ።

እማዬ አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ታዞራለች። የጠፋባት ነገር የምትፈልግ ነው የምትመስለው።

«የታለ?» አለችኝ።

«ፊትሽ ነው እኮ እማዬ! ሁሉም እሱ ነው!»

«ሰማያዊ ነገር አየሁ» አለች። አንገቷን አዞረች። «እዚህም ሰማያዊ አለ።» እንደገና አዞረች። «ድምፁስ ትልቅ ነው። እኔ የማየው ግን ፎጣ የሚያህል ነው፤ ስቀጥለው ደግሞ የፊተኛው ይጠፋብኛል።» ከዚያ እኛ እንዳናዝን ብላ ፈገግ አለች። «ምንም አይደል። አየሁት በቃ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ያ «እግዜር ይስጥልኝ» አንጀቴን በላው። ዘግይተናል። ያን ጊዜ ሐኪሙንም፣ ማሽኑንም፣ ባሕሩንም ጠላሁ። አንድ ነገር ላይ ካልተወጣሁት ልፈነዳ ነው፤ ከቦርሳዋ ካሜራውን መዘዝኩና ወደ ውሃው ልወረውረው እጄን አነሳሁ።

«አንቺ! ንብረት ይጣላል?» ብላ እማዬ ነጠቀችኝ። ስትነጥቀኝ የማብሪያው ቁልፍ ተነክቶ ስክሪኑ በራ። በእጇ ላይ ምን እንደበራ ልታይ፣ ዓይኗ የሚይዝበትን ርቀት ፈልጋ፣ ክንዷን ዘርግታ ያዘችው። እትዬ ፀሐይ እንዳያጥበረብራት ጥላ ሆና ቆመችላት።

እማዬ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ባሕሩ ነው እማዬ።»

«ሁሉም?»

መጀመሪያ የገባት እትዬ ናት። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ያ ማለቂያ የሌለው ነገር ስክሪኑ ላይ የክብሪት ቀፎ አክሎ፣ ተሰብስቦ፣ ከነሰማዩ ከነዳርቻው በእማዬ ጠባብ ዓይን ውስጥ ገብቷል። ምንም የቀረ ነገር የለም።

«ሁሉም» አልኳት።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» አለች። «መጨረሻው ላይ እኮ ቀጥ ያለ ነው! በካውያ የተተኮሰ ነው እኮ የሚመስለው!» ቀስ እያለች በቦታዋ ዞረች። «ጀልባ አለ... ከጀልባው ኋላ ሌላ ጀልባ አለ... ይሄ ምንድን ነው፣ ወፍ ነው? ሲበር አየሁት! ከመነሻው እስከ ማረፊያው አየሁት!» ወፍ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲያ ያየችው? እኛ ጠይቀናት አናውቅም።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ወደ ውሃው ገባች። እኔና እትዬ ግራና ቀኝ ይዘናት እስከ ጉልበቷ ሄደች፤ አጎንብሳ ካሜራውን ውሃው ውስጥ ከተተችና ከላይ ሆና ስክሪኑን አየችው። እግሯ አሸዋው ላይ ቆሟል፤ ጥቃቅን ዓሦች በጣቶቿ መሃል ይመላለሳሉ። «ውስጡ እንዲህ ነው?» እያለች ደጋገመችው። «ውሃ ውስጡ እንዲህ ነው?» አንድ ማዕበል መጣና ከእጇ መትቶ ጣለው። ጮህኩ። እሷ ግን እንደ ጠፋ ካልሲ ዳብሳ አወጣችው። አሁንም በርቷል።

ወደ ዳር ስንመለስ ልብሷ እስከ ወገቧ ርሷል፤ እሷ ግን ግድም አልሰጣት።

«አሁን እናንተ» አለች። «እዚያ ሂዱና ቁሙ። ጠጋ በሉ።»

«እማዬ፣ አያነሳም እኮ!»

«ማን አነሳለሁ አለሽ? ቁሙ ብያለሁ!»

ከትናንት ጀምሮ የተኳረፍን እኅትማማቾች ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆምን። እማዬ ክንዷን ዘረጋች። ቤት ውስጥ አንዳችንን ስታይ ሌላዋ ትጠፋባታለች፤ ለዚህ ነው ስታናግረን ሁልጊዜ በየተራ የምትጠራን። አሁን አልጠራችንም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ፣ ሁለታችንንም በአንድ ላይ ታየናለች። እኛም ፈገግ ብለን ጉንጫችን እስኪደክም ቆምን።

«አንቺ» አለቻት እትዬን። «መቼ ነው እንዲህ የጎበጥሽው?»

የእትዬ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ዞር ብዬ አየኋት። እውነቷን ነው። ካውያው ጠረጴዛ ላይ ስታጎነብስ የዋለችው ትከሻዋ ወደ ፊት ወርዶ ቀርቷል፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሠራሁ፣ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ፣ አላየሁትም። እንባዬ መጣ፤ ላቆመው አልሞከርኩም። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ።

«ቀና በይ እስቲ የኔ ልጅ» አለች እማዬ። እትዬ ቀና አለች፤ ሲያማት አየሁ። «እንደሱ። ክብሪት፣ አንቺም አታልቅሺ፣ ፊትሽ ይበላሻል። አትንቀሳቀሱ።»

«እጅሽ ደከመ እኮ እማዬ» አለቻት እትዬ።

«ይድከም» አለች። «ገና አልጠገብኳችሁም።»