የእበት ወለል

ቂሊንጦ ማዶ የገባንበት ቤት ጣሪያም፣ ግድግዳም፣ በርም አለው። ወለል ብቻ የለውም፤ አፈር ነው። ስጠርገው አቧራው ይነሳል፣ ሳልጠርገውም ይነሳል። ባለቤቴ ሙሀመድአወል «ሲሚንቶው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ሀኪማ» አለኝ። የአራት ዓመቷ ልጃችን ተቅዋ ግን ቀስ ብላ አልሳለችም። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ «አቧራው ነው» አለችን፤ ከዚያ ስንመለስ ባሌ ፍርዱን ሰጠ።

«እስከ አረፋ ካልተሻላት ሳሪስ፣ እናቴ ጋ እንመለሳለን።»

አማቴ ቤት ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። እትዬ ሰኪና ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ቆመው «እንደዚህ ነው እንዴ?» ይላሉ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሽንኩርት እንኳ በትክክል ከትፌ አላውቅም። እዚያ ከምመለስ አቧራውን ብበላ ይሻለኛል፤ ልጄን ግን አቧራ ላበላት አልችልም።

ጎረቤቴ የገዳ እናት እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ላም ያላት ሴት ናት። ጭንቀቴን ስነግራት በረቷን አሳየችኝ።

«በእበት ለቅልቂው።»

እኔ የሳሪስ ልጅ ነኝ፤ እበት የማውቀው ከታክሲ መስኮት ነው። እሷ ግን አልሰማችኝም። ትኩሱን፣ ፀሐይ ሳያገኘው ለቀምን። ከተነፋ አመድና ከውሃ ጋር በእጅ ይታሻል አለችኝ። ቤቴ ስገባ ሽታውን ላጠፋ ብዬ ግማሽ ፓኬት ዱቄት ሳሙና ጨመርኩበትና ጓንት አጥልቄ ለቀለቅኩ። ሲደርቅ ወለሉ ተሰነጣጠቀ፤ ተቅዋም እየላጠች ትጫወትበት ጀመር።

የገዳ እናት አንዱን ቅራፊ አንስታ አሸተተች።

«ሳሙና ጨምረሻል?»

«ትንሽ…»

«እበት ይታጠባል እንዴ፣ ሀኪማ!»

እየሳቀች ወደ ቤቷ ሄደች። በጣም አፈርኩ። ቢሆንም በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደገና ለመንኳት። በዚህኛው ሳሙናም ጓንትም አልነበረም። ከጓሮ በኩል ካለው ግድግዳ ጀምሬ፣ በመዳፌ እያለሰለስኩ፣ በእንብርክኬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። በሦስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ተቅዋ መሳል ተወች። በእጄ ከሠራሁት ነገር ሁሉ እንደዚያ ወለል ያኮራኝ የለም።

በአረፋ ዕለት እትዬ ሰኪና መጡ። እንዳያዩት ብዬ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፌ ነበር። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሁለት እርምጃ እንደገቡ ቆሙ። አጎንብሰው የሰሌኑን ጫፍ ገለጡት።

«ለልጅቷ ሳል ብዬ ነው» አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

ተንበርክከው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። እኔ «እንደዚህ ነው እንዴ?»ን እጠብቃለሁ።

«ወሎ፣ እናቴ ቤት እንደዚህ ነበር» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሲሚንቶ ብርድ ጉልበቴን ጨረሰው። ጎሽ፣ ልጄ።»

ይህችን ቃል ስምንት ዓመት ጠብቄአታለሁ። ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ።

ምሳ በልተን ስንጨርስ እትዬ ሰኪና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ነገ ፍራሼን አምጣልኝ። ከእንግዲህ የምተኛው እዚህ ነው።»

ሙሀመድአወል አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሳሪስን ሸሽቼ በእጄ የለቀለቅኩት ወለል ሳሪስን ቤቴ ድረስ አመጣልኝ።

ፍራሻቸው በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ተቅዋ ሰሌኑ ላይ ተጋድማ ትዘፍናለች፤ አትስልም። ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«እንደዚህ ነው እንዴ?»

ቢላዋውን አላቆምኩም።

«በእኔ ቤት እንደዚህ ነው፣ እትዬ ሰኪና» አልኳቸው።

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አሉና ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመሩ።