በአራተኛው ዙር የሚሰምጥ ፍሬን

የአባቴ መኪና ፍሬን መንገድ ላይ ምንም እንከን የለውም። ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ረገጥ ሲያደርጉት ቀጥ ነው። የውድድር ሜዳው ላይ ሲሆን ግን በአራተኛው ዙር ፔዳሉ ይሰምጣል። በሦስተኛው አይደለም፣ በአምስተኛውም አይደለም፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ልክ በአራተኛው።

መካኒክ ነኝ። ከመኪና ሥር መተኛት ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። በጋራዡ ውስጥ ያለችው ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከመፍቻዬ ይልቅ ምላሴ ይፈራል። ቅዳሜ ቅዳሜ የውድድር ሜዳው ለማንኛውም ሰው ክፍት ስለሚሆን፣ መሣሪያዬን ፒካፕ ላይ ጭኜ መኪናቸው ያስቸገራቸውን ሰዎች ስረዳ እውላለሁ። አባቴን ወደዚያ የወሰድኩትም እኔው ነኝ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ስምንት ወር ሙሉ መስኮት ሥር ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱን ቀብሮ፣ ሻይ ቢሰጡት የሚጠጣ፣ ባይሰጡት የማይጠይቅ ሆነ። ጺሙን አይላጭም። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እሱ ግድግዳውን ያያል። አንድ ቅዳሜ «ተነስ፣ ቢያንስ ሌላ ግድግዳ እይ» ብዬ ጎትቼ ወሰድኩት። አጥሩን ተደግፎ መኪኖቹ ሲዞሩ ሲያይ ዋለና ልንመለስ ስንል «ያቺን የኔን አሮጌ እዚህ ያስገቧታል?» አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እውነቱን ለመናገር መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህ ሰው እንደገና ወደ መስኮቱ እንዳይመለስ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ፔዳሉ ሰመጠበትና ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው አሸዋ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ። የሜዳው ኃላፊ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይለየው፣ ሁሉም ሰው ስሙን ረስቶ «ፊሽካ» የሚለው ሰውዬ ነው። ክፉ አይደለም፤ ሕግ ግን ከራቱ አስበልጦ ይወዳል።

«ስሚ እህቴ» አለኝ መኪናውን ጎትተን ስናወጣ። «አባትሽን እወዳቸዋለሁ። ግን እዚህ ሰው ሲሞት ማየት አልፈልግም። በሚመጣው ቅዳሜ በኔ ፊት አምስት ዙር ይንዱ። ፍሬኑ ከያዘላቸው ይቀጥላሉ፤ ካልያዘ ስማቸውን እሰርዛለሁ።»

«ፍሬኑን እሠራዋለሁ።»

«የፍሬኑ ባይሆንስ?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግርም እኮ ይደክማል። ዕድሜ ነው።»

ደሜ ፈላ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ፊሽካውን የት ቢያስቀምጠው እንደሚሻል የሚመለከት ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ ከሥራ ስወጣ መኪናው ሥር ገባሁ። የፊት ዲስኮቹ ከግለት የተነሳ ሰማያዊ ሆነዋል። የፍሬን ሸራዎቹ ፊታቸው ተቃጥሎ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ዘይቱ ጠቁሯል። ፔዳል የሚሰምጠው ወይ አየር ሲገባ፣ ወይ ዘይቱ ሲፈላ ነው፤ የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ቢጫኑት ይጨመቃል እንጂ መኪና አያቆምም። ስለዚህ ሸራውን ቀየርኩ። ዘይቱን አፍስሼ ብዙ ሙቀት የሚችለውን ሞላሁ። አየሩን ከአራቱም ጎማ አስወጣሁ። የዘይቱን ላስቲክ ቱቦ ቀየርኩ፤ ምንም ያልሆነውን ፓምፕ እንኳ ሳይቀር ቀየርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፊሽካን አስፈቅጄ ራሴ ነዳሁት። ምንም አላዘንኩለትም፤ አሥር ዙር እንደ ጠላቴ መኪና ነዳሁት። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ከመውረዴ በፊት የውስጡን ስፖኪዮ አስተካከልኩ። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ ወደ ሾፌሩ ጀርባ አዘንብሎ ነው የማገኘው፤ ብሎኑ ላልቶ ይሆናል ብዬ ጠበቅ አደረግኩት።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ታማሚው ማን ሊሆን ነው? ራት ላይ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እስቲ ቀኝ እግርህን አንሳና መዳፌን ግፋ።»

«ምን?»

«ዝም ብለህ ግፋ።»

ገፋኝ። ከነወንበሬ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። ከስንት ወር በኋላ ሳቀ። «መካኒክነቱ አልበቃ ብሎሽ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» አለኝ። አብሬው ሳቅኩ፤ ግን እግሩ ደህና ከሆነ የቀረው ጭንቅላቱ ነው ብዬ ስሠጋ አደርኩ። ፍሬኑን ከምን ጋር ያምታታው ይሆን? መቼ መያዝ እንዳለበት ይረሳ ይሆን? የባሰ አታምጣ እያልኩ ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፈተናው በፊት ማሟሟቂያ ስለሚፈቀድ፣ ሄልሜት አጥልቄ ከጎኑ ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ማድረግ የነበረብኝ መጀመሪያ ይህን ነበር፤ የታመመ ሰው ሲመጣ ልብሱን ብቻ እንደሚመረምር ሐኪም ነው የሆንኩት። ለምን ከዚያ በፊት አልገባሁም ብባል መልሱ አጭር ነው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እሱ ሲነዳ ከጎኑ መቀመጥ እሸሻለሁ። ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ከምሰማ የፍሬን ዘይት ብጠጣ ይሻለኛል።

ነዳ። መሪ አያያዙ ያምራል፤ ኩርባውን እንደ ቤቱ በር ያውቀዋል። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ሌላው ሰው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ይሰጣል፣ ይሰጣል፣ የመቶ ሜትሩ ምልክት ጋ ሲደርስ አንዴ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይታጠፋል። አባቴ ግን ገና ከአናቱ ላይ ቀና ብሎ ስፖኪዮውን አየ። ቀጥሎ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፤ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ቁልቁለቱን በሙሉ እንደያዘው ወረደ። ግርጌው ላይ ሲደርስ መኪናው አፍንጫውን እንዳይደፋ ፔዳሉን ትንሽ ላላ አደረገው። አንገቴ እንኳ አልተነቃነቀም። እንደዚያ ያለ ፍሬን አያያዝ አይቼ አላውቅም፤ ለዚያ ቦታ ደግሞ ከዚያ የከፋ አያያዝ የለም።

በሁለተኛው ዙር እንደዚያው። ቀና፣ ስፖኪዮ፣ ከዚያ ፍሬን። በሦስተኛው የተቃጠለ ሽታ መጣ።

«አባዬ፣ ውጣና አቁም።»

ከሜዳው ወጥተን ጥግ ላይ ቆምን። ከጎማዎቹ የሚወጣው ግለት ፊቴን ገረፈኝ። ለፊሽካ ሃያ ደቂቃ ስጠን ብዬ በእጄ ምልክት አሳየሁትና ተመልሼ ገባሁ።

«ፍሬኑ ምንም አልሆነም» አልኩት። «ያን ሁሉ መንገድ እያሸህ ስትይዘው ይግላል፤ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አታገኝለትም። በአራተኛው ላይ ዘይቱ ይፈላል። አንዴ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ልቀቀው። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።»

«ጠበቅ ካደረግኩት ሰው ይወድቃል።»

«የቱ ሰው?»

ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፤ እኔም ተከትዬ አየሁ። ሐሙስ ያጠበቅኩት ስፖኪዮ እንደገና አዘንብሏል። የሚያሳየው የኋላውን መስታወት አይደለም፤ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቦታ ነው። የኋላውን ወንበር እኔው ነቅዬዋለሁ። ባዶ ላሜራ ነው።

«እናትሽ እኮ አትቀመጥም ነበር» አለኝ።

እናቴ ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው። በአባቴ አውቶቡስ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቆማ እንደምትሄድ ግን ማንም አልነገረኝም።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለ። «ባዶ ወንበር ሞልቶ እሷ ከጀርባዬ ብረቱን ይዛ ትቆማለች። ተሳፋሪው ይስቅባታል። ‘ተቀመጪ እንጂ’ ስላት ‘ከተቀመጥኩ በስፖኪዮው አንተያይም’ ትለኛለች። አንድ ቀን፣ ገና ሳንጋባ፣ ውሻ ዘሎ ገባብኝና ፍሬን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። በፊቷ ወደቀች። ያ የተሸረፈው ጥርሷ... በኔ ነው።»

«ለኛ ‘ክር በጥርሴ ስበጥስ ነው የተሸረፈው’ ነበር ያለችን።»

«ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው ያለችው። ለእናቷም። ጠልተውኝ እንዳይከለክሏት።» ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አዟዟረው። «ከዚያ ወዲህ እሷን ሳላይ ፍሬን ረግጬ አላውቅም። ባልደረቦቼ ‘ለስላሳው’ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ይቀልዱ። አንድም ሰው ወድቆብኝ አያውቅም።»

ሳምንት ሙሉ መኪና ፈትቼ የማላገኘው ነገር ነበር። እናቴ አሳዘነችኝ፣ እሱ አሳዘነኝ፣ ለራሴም አዘንኩ፤ አንድ ቤት ውስጥ ኖሬ ይህን አለማወቄ አንገበገበኝ። ስምንት ወር መስኮት ሥር ሲቀመጥ ዝም ብሎ የደነዘዘ መስሎኝ ነበር እኮ።

«ይቅር አባዬ» አልኩት። «ለፊሽካ መኪናው ገና አልተሠራም እለዋለሁ። ቤት እንሂድ።»

«ቤት ሄጄ ምን ልሁን?»

እጁን ያዝኩት። ከውጭ ሰዎች ይንጫጫሉ፣ ሞተር ይጮኻል፣ እኛ ዝም ብለን ተቀመጥን። እንደፈራሁት አልከበደኝም።

ፊሽካ ሰዓቱን እያየ መጣ። «አባቴ፣ ይገባሉ ወይስ ይተዉታል?»

«እገባለሁ» አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ውረጂልኝ። አንቺ ካለሽ አልችልም።»

ወረድኩ። ጎማዎቹን በእጄ ጀርባ ነካክቼ መቀዝቀዛቸውን አየሁና ከፊሽካ ጋር አጥሩ ጋ ቆምኩ። አባቴ ሄልሜቱን አጥልቆ ቀበቶውን አሰረ፤ መኪናውን ወደ መግቢያው መስመር አስጠጋና ቆመ። ፊሽካ መግባት እንደሚችል በእጁ አመለከተው። አልገባም። ቀበቶውን መልሶ ፈታ። ወጣ። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን የኋላ በር ከፈተና እጀታውን ይዞ ቆመ። ከውስጥ የወጣ ነገር የለም። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃ ለመውረድ የሚፈጅባትን ያህል ጠበቀ። ከዚያ በሩን በቀስታ ዘጋው።

«ምን ረስተው ነው?» አለኝ ፊሽካ።

«አልረሳም» አልኩት። «ወራጅ አለ።»

ፊሽካ ዞር ብሎ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አምስት ጥያቄ ያከታትል ነበር። ያን ቀን ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተና ወደ ሜዳው ዞረ።

አባቴ ገባ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ቁልቁለቱ አናት ደረሰ፤ የፍሬን መብራቱ ይበራል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልበራም። ሁለት መቶውን አለፈ። አልበራም። መቶው ጋ ሲደርስ ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ፣ መኪናው አፍንጫውን ደፋ፣ ጎማው ጮኸ፣ ታጠፈና ሄደ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ፊሽካ ጆሮውን ይዞ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። በአራተኛውም ፔዳሉ አልሰመጠም። በአምስተኛው ያለቅጥ ዘግይቶ ያዘና «ኧረ ቀስ፣ እኚህ ሰውዬ!» ብሎ ፊሽካ ራሱ ጮኸ።

ሲመለስ ፊሽካ በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለና ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። ጠንካራ ነው። ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ጣሪያውን መታ መታ አደረገና «በሚመጣው ቅዳሜ እንገናኝ፣ አባቴ» ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።

አባቴ አልወረደም። ሄልሜቱን አውልቆ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ሊጠርገውም አልሞከረም።

«ማንም አልወደቀም» አለኝ።

«ማንም አልወደቀም፣ አባዬ።»

«በደህና ወርዳለች» አለና ሞተሩን አጠፋ።