ወረፋ የያዙ መዝሙሮች

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በስደት አገራችን በሱንድቢበሪ ከተማ ያለችው ሰርቨራችን ግን ሃምሳውንም ብቻዋን ነበር የምትሸከመው። የወሎ ልጆች የመንዙማ ማከማቻ፣ የወንጌላውያኑ የመዝሙር ማከማቻ፣ የኳስ ቡድኑ ፎቶና ቪዲዮ፣ የልጆቹ የአማርኛ መጻሕፍት፣ እያንዳንዱ የራሱ ፕሮግራም አለው፤ የሚሠሩት ግን ሁሉም በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ምድር ቤት በተቀመጠች በአንዲት አሮጌ የኮምፒውተር ማሽን ላይ ነው። ሌላ እንግዛ ባልኩ ቁጥር «ትንሽ ትታገስ» ይሉኛል፣ ትዕግሥት ያላት ይመስል።

የምንከባከባት እኔ ነኝ። አንዱ ማከማቻ ሥራ ሲበዛበት ሌላው እንዳይወድቅ የሚላከውን ሁሉ ወረፋ አስይዘዋለሁ። በፈረንጆቹ 2007 መስከረም ላይ ረመዳን ገባና ከሄሰልቢ ሰፈር እስከ ሶደርተልየ ከተማ መንዙማ የሚሰማውም የሚልከውም በዛ። መዝሙሮቹ ወረፋ ላይ ቀሩ።

መዝሙሮቹን ከነቀምት የምትልከው ተጂቱ ነበረች። የአሮጊቶችን መዝሙር እየዞረች ትቀርፃለች። ወንድሟ ኢዩኤል ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ የላከችው ወደ ማከማቻው በገባ ቁጥር ፕሮግራሙ ራሱ «ተጂቱ አዲስ መዝሙር አስገብታለች» ብሎ ኢሜይል ይጽፍለታል። እንዲህ አድርግልኝ ብሎ የለመነኝ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን መታመሟን ሰምቶ ሊሄድ ትኬት ቆርጦ ነበር።

ሰኞ ዕለት የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ገመዳ ደወሉልኝ።

«ወንድይራድ፣ ተጂቱ ወደ ጌታ ሄዳለች። ኢዩኤል አልሰማም። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሰብስበን እናረዳዋለን። እስከዚያ አደራ፣ ካንተ አፍ እንዳይወጣ።»

«ለምን ዛሬ አይነግሩትም?»

«ሳምንቱን ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ነው። ብቻውን ሰምቶ ምን ይሁን? የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል።»

ይህ መደበቅ ድሮም ደሜን ያፈላዋል። አባቴ የሞተ ጊዜ ስንት ቀን «ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» እየተባልኩ ስስቅ ሰንብቻለሁ፤ ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ እሺ አልኳቸው።

ረቡዕ ኢዩኤል ደወለ። ድምፁ እየሳቀ ነበር።

«ወንዴ፣ ተጂቱ ተሽሏታል። ትናንትም ዛሬም መዝሙር አስገብታለች። እኔ እኮ በሐሳብ ልሞት ነበር። ትኬቱን ለገና አዛወርኩት።»

የገቡት ሳትሞት የላከቻቸው ናቸው። ጎህ ሲቀድ የመንዙማው ግርግር ጋብ ይላል፤ ያኔ ከወረፋው አንድ መዝሙር ያልፋል። ኢሜይሉ የሚያውቀው የገባበትን ቀን እንጂ የተላከበትን አይደለም።

ምድር ቤት ወርጄ የገባውን ከፈትኩት። ተጂቱ የዘማሪዋን ስምና መንደር ትናገራለች፤ አሮጊቷ ይዘምራሉ፤ መጨረሻ ላይ ተጂቱ ሳለች። «ይቅርታ፣ ይሄ በሳሌ ተበላሽቶብኛል፤ ነገ ደግሜ እቀርፀዋለሁ» አለች። መንፈስ ታየኝ ብሎ የሚያወራ ሰው ፊት ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። የማሽኗ ማራገቢያ ብቻ ነበር የሚጮኸው።

ወረፋውን ላቁመው ብዬ አሰብኩ። አቶ ገመዳ ግን «አትንካው፣ ድንገት ቢቀርበት ይጠረጥራል» አሉኝ። ተውኩት። ሐሙስ አንድ ገባ። ዓርብም ገባ። ሬሳዋ አፈር ለብሶ፣ ወንድሟን የምታጽናናው እሷው ነበረች። ጠዋት ጠዋት ያቺ ማሽን ተቃጥላ ባገኛት እያልኩ ነበር የምወርደው።

ቅዳሜ ሲነጋጋ በአቶ ገመዳ መኪና ሶደርተልየ ሄድን። ደረጃው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኢዩኤል ከፈረቃ ገና መግባቱ ነው፤ የሥራ ልብሱን አልቀየረም። ያን ሁሉ ሰው በሩ ላይ ሲያይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ።

«ልጄ» አሉ አቶ ገመዳ፣ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ። ተጂቱ ሰኞ ዕለት ወደ ጌታ ሄዳለች።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እሱ አላለቀሰም።

«ሰኞ? አይ፣ ተሳስታችኋል። ዛሬ ጠዋት እኮ ልካለች።»

ገብቶ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እኛ አዞረው። የዛሬ ቀን፣ የእሷ ስም። ለቅሶው ጸጥ አለ። ከመካከላቸው ያመኑት ነበሩ፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት። አቶ ገመዳ ወደኔ ዞሩ። መርዶው እኔ ላይ ወደቀ።

«ኢዩኤል፣ ከመሞቷ በፊት የላከችው ነው። ማሽኗ ናት ያዘገየችው። የሳምንቱ ሁሉ እንደዚያ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ቁልቁል ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠ። አራት ወንዶች ተረባርበን ይዘነው አልቻልነውም፤ ለካ ሽማግሌው ያሉት እውነት ነው። በዚያች ሰዓት ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ያስፈራኛል።

ለቅሶው ከጋመና ከበረደ በኋላ እጄን ያዘኝ። ድምፁ ዘግቶ ነበር።

«ወንዴ፣ ወረፋው ላይ ስንት ቀርቷል?»

አንድ ነበር የቀረው።

«ብዙ አለ» አልኩት።