አፉን የማይከፍተው ዓሣ

ፋናዬ አሰብ ወዳለው የዓሣ ምርምር ጣቢያ ስትመደብ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ተብላ ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ብልቃጥ አጠበች፣ ለስብሰባ ሻይ አቀረበች። በ1977 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከራሔይታ መንደር ዓሣ እያመጣች የምትሸጥ ዓሻ የምትባል ሴት፣ ጣት የሚያክል ቀይ ዓሣ አሳየቻት። ጉንጩ ተነፍቷል።

«ምን ጎርሶ ነው?» አለች ፋናዬ።

«ልጆቹን። አባትየው ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል በአፉ ይይዛል፣ እህል አይቀምስም።»

ፋናዬ ሳቀች። ነገሩ ግን ስለከነከናት ከዓሻ በሕይወት ያሉ ዓሣዎች ወስዳ የባሕር ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ አስገብታ ሰባት ወር ተከታተለች፤ የሐምሌ ሙቀት እንኳ ከገንዳው አላራቃትም። የሞቱትን ሰንጥቃ አየች። ዓሻ ልክ ነበረች። ጣቢያው ባሉት መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ዓሣ ስላላገኘች ሠላሳ ገጽ ጻፈች፣ ሥዕሉንም ሳለች።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ መርሻ ሪፖርቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ወንዱ እንቁላል ሲታቀፍ ሴቷ የት ናት?»

«ምግቧን ትፈልጋለች፣ ጓድ።»

«እሱስ?»

«ይጾማል።»

«ይሄ ለወንድ ሠራተኞች ሞራል አይመችም። ይስተካከል!»

ኮሚቴ ተቀመጠና በሙሉ ድምፅ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደረገ። በሪፖርቱ ግንባር የአሥራ አንድ ጓዶች ስም ተደረደረ። ፋናዬ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ስላደረገችው መስተንግዶ» ተመሰገነች። ወረቀቱና እንዳይበሰብሱ ፎርማሊን ውስጥ የተነከሩ ስድስት ዓሣዎች ለወዳጅ አገር ሊቃውንት ተላኩ።

ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። «እንቁላል የያዙት በሙሉ ወንዶች ናቸው። ይህን ስሕተት የሠራው ማን ነው?»

የአሥራ አንዱ ጓዶች ትሕትና የታየው ያን ዕለት ነው። አንዱ የሠራሁት ነገር የለም አለ፤ ሌላው ጣቢያው ዓሣ ማርባቱን ገና ዛሬ መስማቱ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ አስያዘ። «ሥራው የጓዲት ፋናዬ ነው» ተባለና ብቻዋን ፈርማ ለሊቃውንቱ የምትልከው የጥፋተኝነት ወረቀት ቀረበላት። በቅጣት ወረቀት ላይ እንዲህ በደስታ የፈረመ ሰው ጣቢያው አይቶ አያውቅም። ከፊርማዋ ጋር የመጀመሪያውን ሠላሳ ገጽ ጨምራ ፖስታውን አሸገችው።

ቀጣዩ ደብዳቤ በስሟ መጣ። «ውድ አቶ ፋናዬ፣ ግኝትዎ አዲስ ነው» ይላል። «አቶ» መባሏን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ወደ ዓሣ ተራ ሮጣ ለዓሻ አነበበችላት።

ዓሻ ቢላዋዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «የኔ ስም የቱ ጋ ነው?»

ፋናዬ ሠላሳውን ገጽ በሐሳቧ አገላበጠች። አንድም ቦታ አልጻፈቻትም። ፊቷ ጋለ።

«የለም። ዘለልኩሽ» አለች። «የአባትሽ ስም ማነው?»

«ኻሊፋ። ይኸው ዛሬ ጠየቅሽኝ።»

በማግስቱ ፋናዬ ሌላ ደብዳቤ ላከች። ጽሑፉ ሲታተም የሁለቱም ስም ነበረበት። ጓድ መርሻ ጓዶቹ ሥራውን የካዱበትን ቃለ ጉባኤ የሚያሰርዝ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ፋናዬ ግን ራሔይታ ወርዳ ነበር፤ ከዓሻ ጋር ጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ዓሻ ስለ ሌላ ዓሣ የምትነግራትን ትጽፍ ነበር።